ገረመው ከመሞቱ በፊት

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ጌቱ ወልደጊዮርጊስ፣
አራዳ ጊዮርጊስ

ጋሽ ጌቱ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም እትዬ ሙሉእመቤትንም በጤና፣ በሰላም፣ ከነጨዋታችሁ እንዲደርሳችሁ ምኞቴ ነው። እኔ ሰገን ነኝ፤ የአክስትዎ ልጅ የአታክልቲ ልጅ። በእህቴ ሠርግ ላይ ኬኩ ሳይቆረስ ክሬሙን በጣቴ ስልስ እጅ ከፍንጅ የያዙኝ እርስዎ ነበሩ። ለማንም እንዳልተናገሩብኝ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ስልክ ልደውል ነበር። አባቴ ግን «ጌቱ በስልክ ቀልድ እንጂ ቁም ነገር አይወጣውም፤ ደብዳቤ ጻፊለት» አለኝ። ከቤትዎ በታች ፎቶ ኮፒ ቤት ካላት ከጋሽ ሱፊያን ልጅ ከአስማ ጋር ተነጋግረናል። የእኔን አትማ ትሰጥዎታለች፤ የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እዚህ የምሠራበት የፊልም ድርጅት እርስዎ የተጫወቱበትን የድሮውን የቴሌቪዥን ድራማ፣ «የጠፈር አዳሪዎች»ን፣ እንደገና ሊያነሳው ነው። ድራማው ካቆመበት አንቀጥልም። የምንሠራው ከመጀመሪያው ክፍል በፊት የነበረውን ነው፤ መንኮራኩሯ ገና ሳትነሳ፣ ሠራተኞቹ ገና ሳይተዋወቁ። የጽሑፉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ስሜ ከፊት ሲወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። የድርሰቱን መብት የደራሲው የጋሽ ዘሩባቤል ልጅ ሕብረት ፈርማ ሰጥታናለች፤ የአባቷን ነፍስ ይማር።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን ስለ አንዱ ብቻ ነው። «ገረመው አለበት?» ይለኛል። ያ ሮቦት ስንቱ ቤት ውስጥ እንደቀረ እርስዎ ያውቃሉ። አባቴ ዛሬም ቆርኪ መክፈት ሲያቅተው «ይሄ በመመሪያዬ ላይ የለም» ይላል። በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ የነበሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ሳልጠይቅዎ ልነካው አልፈለግኩም።

ያሰብኩትን ልንገርዎ። ገረመው ለምን ያነክሳል? በአንድ ትልቅ ጦርነት ቆስሎ ነው፤ ለዚህ አንድ ሙሉ ክፍል መድቤለታለሁ። ከመራመዱ በፊት አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል የሚያደርገውስ? ያጣትን ሕፃን ድምፅ እያዳመጠ ነው። በየክፍሉ ከበስተኋላ የሚሰማው ኳ ኳ የሚለው የመንኮራኩሯ ሞተር ደግሞ ምስጢራዊ መልእክት ይሆናል።

ምርቃትዎን እፈልጋለሁ። ጋሽ ሱፊያን ያኔ በቪዲዮ የቀዳት የመጨረሻዋ ክፍል እርስዎ ጋ እንዳለች ሰምቻለሁ። እሷን ካገኘን ኮምፒውተር የወጣትነት ድምፅዎን መልሶ ሊሠራው ይችላል። እትዬ ሙሉእመቤት እንዴት ናቸው? በእኔ ስም ይሳሙልኝ።

አክባሪዎ ሰገን አታክልቲ


አራዳ ጊዮርጊስ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰገን፣

ያ ክሬም የላሰ ጣት ይባረክ፤ ይኸው አድጎ ደብዳቤ ጻፈ። አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ አለቆችሽን ያለዝብልሽ። እኛ ደህና ነን። ሙሉም ደህና ናት።

ደብዳቤሽን ከአስማ ባንኮኒ ፊት ቆሜ አነበብኩትና ብቻዬን ሳቅኩ። አስማ ደግሞ ሰው እያየን ነው ብላ ወንበር ሰጠችኝ።

ጦርነት አልሽ? ጦርነትም የለ፣ ቁስልም የለ። የገረመው ሁለት እግሮች የቆርቆሮ ቧንቧ ነበሩ። ቀኙ በልክ ተቆረጠ፤ ግራው ከሌላ ቧንቧ መጣና አጠረ። ሌላ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም፣ የዚያኑ ቀን ቀረጻ ነበረን። ዘሩባቤል ነፍሱን ይማረውና አየኝ፣ አየኝና «በቃ ያንክስ» አለ። ክፍሉ በታየ ማግስት ከምኒልክ አደባባይ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ያለ ልጅ ሁሉ እያነከሰ ትምህርት ቤት ሄደ። የአንዱ እናት ልጄን አሽመደመድክብኝ ብላ እዚሁ በሬ ላይ ቆማ ሰድባኛለች።

አንገቱን ማዘንበሉም ሕፃን ፍለጋ አይደለም። ጭንቅላቴ ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት ነበር። በአንዱ ዓይን ቀዳዳ ቀይ አምፖል አስገቡበት፤ በሌላው ላብ ይገባበታል። ምንም አላይም ነበር እልሻለሁ። የሚመራኝ ሰው አስፈለገ። ሙሉ ያኔ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ከጀርባ ሆና የምታቀብል ልጅ ነበረች። ከሸራው ኋላ ተንበርክካ በእንጨት ማንኪያ ወለሉን ትመታልኛለች። አንድ ጊዜ ኳ ካለ ወደ ፊት፣ ሁለቴ ካለ ወደ ቀኝ፣ ሦስቴ ካለ ቁም። እኔ አንገቴን የማዘነብለው እሷን ለመስማት ነው። ሞተር ያላችሁት የሙሉ ማንኪያ ነው፣ የኔ ልጅ። አገር ምድሩ መንኮራኩሯ ሄደች እያለ ሲያጨበጭብ፣ የምትሄደው ሙሉ ነበረች። ግድግዳ እንዳልገጭ የጠበቀችኝን ልጅ ደግሞ አግብቻት አረፍኩ።

ሁሉን ነገር አታብራሪ። ዘመድ ቤት ስትገቢ የእያንዳንዱን ሰው ጠባሳ ምክንያት ትጠይቂያለሽ እንዴ? እንዲሁ ነው የምንወደው።

ስለ ሞቱ የሰማሽ አይመስለኝም፤ ልንገርሽ። በመጨረሻዋ ክፍል ገረመው የመንኮራኩሯን በር ከውጭ ለመዝጋት ወጥቶ ቀረ፤ ቀዩ አምፖል ድርግም አለና ጠፋ። በማግስቱ ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቤታችን መጣ! ለሮቦት! እኔ በሕይወት ቆሜ በሩን ስከፍትላቸው፣ ሴቶቹ አልፈውኝ ገብተው ሙሉን «እግዜር ያጽናሽ» ይሏታል። የእድራችን ዳኛ አቶ እሸቴ ድንኳኑ ይውጣ አይውጣ ብለው ተከራከሩ፤ በኋላ ገረመው በቤተሰብ ተመዝግቦ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሙሉ ንፍሮ ቀቅላ አቀረበች። እየሳቀች ታለቅስ ነበር፤ ሰውም እንደዚያው። እንዲያ ያለ ለቅሶ አላየሁም።

ምርቃቱን እንኪ፣ ሰጥቼሻለሁ። ድምፁ ግን ይቅርብሽ። ኮምፒውተር በእኔ አፍ ሲያወራ መስማት አልፈልግም።

ጌቱ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ጌቱ፣

እርስዎን ያሳቀ አምላክ እኔንም ይኸው አሳቀኝ፤ ቤታችሁን በሳቅ ይሙላልኝ። ደብዳቤዎን ለሥራ ባልደረቦቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ስለ ማንኪያው ስደርስ «ድገሚልን» አሉኝ። ስለ አቶ እሸቴ ስነግራቸው ደግሞ አለቃችን ጠረጴዛውን መታ።

ጦርነቱን ሰርዤዋለሁ። ሕፃኗንም እንዲሁ። የለቅሶው ታሪክ ግን ለአለቆቼ አዲስ ሐሳብ ሰጣቸው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍል በገረመው ሞት ይጀምራል። አምፖሉ ይጠፋል፤ ከዚያ ወደ ኋላ እንመለሳለን። የድሮው ተመልካች ገና ከመነሻው ሆዱ ይባባል። አዲሱም ማንን እንደሚያጣ አውቆ ያየዋል። ለዚህ የጋሽ ሱፊያን ካሴት ያስፈልገናል፤ እሷን አስመስለን በአዲስ መልክ እንቀርጻታለን።

አንድ ሌላ ልመና አለኝ። እትዬ ሙሉእመቤት ስለ ማንኪያው በራሳቸው አንደበት ቢነግሩኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አስማ በስልኳ ልትቀዳቸው ትችላለች። የሚመቻቸውን ቀን ይንገሩኝ።

አክባሪዎ ሰገን


አራዳ ጊዮርጊስ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰገን፣

በዓላቱን በሰላም አሳልፈሽ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ካሴቱን አልልክም። ሙሉም አትቀረጽም። ደግሞ ሞቱን አውጪው። ድራማሽ በፈለግሽው ነገር ይጀመር፤ በሞቱ ብቻ አይጀመር።

ጌቱ ወልደጊዮርጊስ


ናይሮቢ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሽ ጌቱ፣

ጤናዎን አምላክ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ የእርስዎ አልመስል አለኝ። አንድም ቀልድ የለበትም። ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመንዎ፤ ምን ሥራ ነው የበዛብዎት?

ልክ ያልሆነ ነገር ተናግሬ ከሆነ ይምከሩኝ፣ ይቆጡኝ። ግን እንዲሁ «አውጪው» ቢሉኝ የማወጣበት አቅም የለኝም። ያ መግቢያ ጸድቋል፤ ትዕይንቱን የሚሥል ሰው ተቀጥሯል፤ አለቆቼ ከሁሉ የወደዱት እሱን ነው። እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። «ለምን?» ሲሉኝ የምመልሰው ያስፈልገኛል። «አንድ ዘመዴ አልወደደውም» ብዬ ብገባ ስቀውብኝ ይወጣሉ።

ሞቱን የጻፉት ጋሽ ዘሩባቤል ናቸው፤ የተጫወቱት እርስዎ ነዎት፤ ያለቀሰው ሕዝቡ ነው። እኔ ያልነበረ ነገር አልጨመርኩም። ጋሽዬ፣ ምክንያቱን ብቻ ይንገሩኝ። ልጅዎ አይደለሁም እንዴ?

ሰገን


አራዳ ጊዮርጊስ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰገን፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ለዘመድ ያዘንሽውን አምላክ በደስታ ይመልስልሽ።

አስቀይሜሻለሁ፤ አባትሽም ደውሎ ተቆጥቶኛል። እሺ፣ ልናገር። ወረቀቱን አጥፌ በፖስታ አሽጌ ነው ለአስማ የምሰጣት፤ ሳታነብ ፎቶ አንሺ ብያታለሁ። እንዴት አድርጋ እንደምታነሳው እሷ ታውቃለች።

ሙሉ ደህና አይደለችም።

መርሳት ከጀመረች ቆየች። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር፤ ቀጥሎ የሰው ስም፤ ቀጥሎ መንገድ። ዐምና ሰፈሩ ሲፈርስ ደግሞ ጨርሶ ባሰባት። የእኛ ቤት ቆሟል፤ ግን ከበር ስትወጣ የምታውቀው ሱቅ የለ፣ የምትዞርበት ጥግ የለ። ጤነኛውም ጠፍቶበታል እንኳን እሷ። ዐምና ክረምት ላይ እኔን ረሳችኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው እኔን ሲያይ ገና ከሩቅ ነው ለመሳቅ የሚዘጋጀው፤ ይሄን በምን አፌ ላውራው?

ሐኪሙ የድሮ ነገር አሳያት አለኝ። ከሱፊያን ካሴት ሌላ ምን የድሮ ነገር አለኝ? የቀሩት ክፍሎች ሌላ ነገር ተቀድቶባቸው ጠፍተዋል። ከፈትኩላት። ገረመው እያነከሰ ሲመጣ እጇን አጨበጨበች፤ ልቤ ዘለለ። እሱ ግን በሩን ሊዘጋ ወጣ፤ አምፖሉ ጠፋ። ያኔ በለቅሶዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ ብዬሽ አልነበር? አሁን ሳቁ የለም፤ ለቅሶው ብቻ ነው የቀረው። በማግስቱ ጥቁር ለብሳ፣ ፍራሽ መሬት አንጥፋ አገኘኋት። ካሴቱን ደበቅኩት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ዘግይቼ ነበር።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለገረመው ለቅሶ ትቀመጣለች። በየቀኑ ሞቱ አዲስ ነው። እኔ ስገባ ለመነሳት ትሞክራለች። «እርስዎም ለእሱ ብለው ነው የመጡት? እግዜር ይስጥልኝ» ትለኛለች። እርስዎ ትለኛለች! ዕድሜ ልኬን አብሬያት የኖርኩትን ሰውዬ። ምን ላድርግ? ጫማዬን አውልቄ ጎኗ እቀመጣለሁ። እግዜር ያጽናሽ እላታለሁ። ጥሩ ሰው ነበር ትለኛለች፣ አዎ ነበር እላታለሁ። ልጄ፣ በራሴ ሞት ሚስቴን ሳጽናና ነው የምውለው።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ በገረመው ድምፅ «ይሄ በመመሪያዬ ላይ የለም» አልኳት። ደንግጣ አየችኝ፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። «በሙት ይቀለዳል? ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ኀፍረት አፍሬ አላውቅም። ከእኔ አፍ ከወጣ ፌዝ ነው የሚመስላት። ሲሞት ያየችው ቴሌቪዥን ላይ ነው፤ ሲራመድም ማየት ያለባት እዚያው ነው።

ጥቅምት ላይ «ከመጀመሪያው በፊት የነበረውን» ብለሽ ስትጽፊልኝ ለምን እንደሳቅኩ አሁን ይገባሻል። ለሌላው ሰው ያንቺ ሥራ የበፊት ታሪክ ነው። ሙሉ ዘንድ ግን በፊትና በኋላ የለም። ሲነቃ ካየችው ነቃ ማለት ነው፤ ለቅሶውም አበቃ። ሞቱን ካስቀደምሽው ግን መልሰሽ ፍራሹ ላይ ልታስቀምጫት ነው። ተስፋ አድርጌብሽ ስለነበረ ነው ያን ያህል የተከፋሁት።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ለአለቆችሽ ንገሪ ወይም አትንገሪ፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ከሞቱ ሌላ የወደድሽውን አድርጊው። ከፈለግሽ ጦርነት ላይ አቁስዪው፤ ቃል አይወጣኝም!

ጌቱ


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣

እንኳን ለትንሣኤው በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፤ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። አለቃችን ግን «የሚያሳዝን ነው፤ መግቢያው ግን መግቢያ ነው» አለ። ሳምንታት ተከራከርን። ድምፃችንን ከፍ ያደረግንበትም ቀን ነበር። እንዴት እንደተስማማን ሌላ ጊዜ አጫውትዎታለሁ።

ሞቱ ወጥቷል። ከመጀመሪያው ክፍል ብቻ አይደለም፤ በጠቅላላው አይታይም።

አሁን እንዲህ ነው የሚጀምረው። ጨለማ መጋዘን ነው። ገረመው ማንም ሳያስታውሰው ጥግ ላይ ዝጎ ተቀምጧል። ከግድግዳው ማዶ የማትታይ ሰው ኳ ታደርጋለች። አንገቱን ያዘነብላል። ኳ ስትል አንድ እርምጃ ይራመዳል። ማን እንደሆነች አንናገርም፤ ለምን እንደሚያነክስም አንናገርም። አታብራሪ ብለውኝ የለ? እንዲሁ ይራመዳል።

ድምፅዎን እፈልጋለሁ። የኮምፒውተሩን አይደለም፣ የእርስዎን፣ የአሁኑን። ተሰንጥቋል ሊሉኝ ነው፤ ያውቁኛል፣ አውቅዎታለሁ። ገረመው ሲነቃ ለዘመናት የዛገ ነው፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው የሚያስፈልገኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ። የትኛዋ እንደሆነች መቼም አልነግርዎትም። አንድ የምናውቀው ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ ቤትዎ ይመጣል፤ እትዬ ሙሉእመቤት ሲተኙ ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀዳዎታል።

ስለ እኔ አያስቡ። እኔ ደህና ነኝ።

ልጅዎ ሰገን


አራዳ ጊዮርጊስ፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔ ልጅ ሰገን፣

ዘመኑ የምትጽፊበት እጅ፣ የምትጠይቂው ዘመድ የማታጪበት ይሁንልሽ። እንኳን አደረሰሽ።

በዘመን መለወጫው ዋዜማ የሆነውን ካልነገርኩሽ ፈነዳሁ።

ሱፊያንንና አስማን ጠራኋቸው። ሱፊያን ኮቱን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ፤ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። ሙሉ ጥቁሯን ለብሳ ፍራሿ ላይ ናት። እነሱ ሲገቡ ለቀስተኛ መሰሏት። እግዜር ያጽናሽ ሊላት ሱፊያን አፉን ሲከፍት በክርኔ ደቆስኩት።

ድራማው ጀመረ። ጨለማ። እሷ ቴሌቪዥኑን እያየች አይደለም፣ ነጠላዋን ነው የምትነካካው። እኔ ቆሜ ነበር፣ መቀመጥ አልቻልኩም።

ኳ።

ቀና አለች። ገረመው አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ። ኳ። ተራመደ፤ አነከሰ። ያንን ግራ እግሩን እንዴት አድርጋችሁ እንዳሳጠራችሁት አላውቅም፤ ልክ ራሱ ነው። ሙሉ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እሱ ዝገቱን እያራገፈ ዙሪያውን አየና፣ በዚህ በእኔ ባረጀ ድምፅ፣ «ይሄ በመመሪያዬ ላይ የለም» አለ።

ሙሉ ወደ ሱፊያን ዞራ፣ በደህናው ዘመን ተዋንያኑን በምታዝበት ድምፅ «ሰዎቹን አስነሷቸው፤ ለቅሶ የለም፤ ሰውየው ሥራ ገብቷል» አለችው። ፍራሹን ራሷ መጠቅለል ጀመረች። አስማ ልታግዛት ብትነሳ እኔ እሠራዋለሁ ብላ ከለከለቻት።

እንባዬን እንዳያዩብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ። ያኔ ከኋላዬ የወንበሩ እጀታ ሁለቴ ተመታ፤ ኳ ኳ። እኔ እንጃ፣ እግሬ ሳያማክረኝ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ቀኜ ላይ ያለው ቁም ሳጥን ነው። በግንባሬ ገጨሁት። ሙሉ ሳቀች! ትንፋሿ እስኪቆም ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ ነው። «አሁንም አያይም እኮ» አለች፤ ለማን እንደነገረችው አላውቅም። ግንባሬ ላይ ያለውን እብጠት አስማ ፎቶ አንስታልሻለች።

አሁን ደግሞ ያንቺን ጉዳይ። ድራማው ሲያልቅ የሠራተኛ ስም ሲያልፍ መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ስምሽ «የመጀመሪያው ክፍል ደራሲ» ነው የሚለው። ለሚቀጥሉት የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። «እኔ ደህና ነኝ» ብለሽኝ ነበር። እኔም «ሙሉ ደህና ናት» ብዬሽ ነበር። የአራዳ ልጅ ላይ ደህና ነኝ አይሠራም። እንዴት እንደተስማማችሁ አሁን ገብቶኛል። የሞቱን መውጣት በራስሽ ሥራ ነው የገዛሽው፤ እኔ ይህን ልክፈልሽ ብል የምከፍልበት የለኝም። ከልቤ መርቄሻለሁ። ብትመጪ ኬክ ሳይቆረስ ክሬሙን ሁሉ ላሺው።

ዳነች ብዬ አልዋሽሽም። በማግስቱ በዓል ነው፤ ጠዋት ሰላም ስላት ማን ይበሉ አለችኝ። ልቤ ውልቅ አለ። ወዲያው ግን ልብሷን አየሁ፤ ነጭ ለብሳለች። ጥቁሩ ታጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቷል። እኔም «የገረመው ዘመድ ነኝ» አልኳት።

ፊቷ በራ። «እሱማ ሥራ ላይ ነው፤ ይመጣል፤ ይግቡ፣ ይጠብቁት» አለችኝ። ወንበር ስባ ከራሷ ወንበር ጎን አደረገችልኝ።

ይኸው በየቀኑ እጠብቀዋለሁ፤ አብረን።

ጌቱ